ለልም አጥንት የሚፈተል ስካፎልድ፦ የትኛው ክር፣ ለየትኛው ሥራ?

ማይክሮስኮፕ ሥር ያለው፣ ከተፈተለ የክር ምንጣፍ የተቆረጠ ቁራጭ ነጭ ነው። ላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ አንዲት ቀጭን ሐምራዊ መስመር ትታያለች። መስመሯ ሴሎቹ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግባቸው በየጊዜው ሲቀየርላቸው የከረሙ ሴሎች። ከመስመሯ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ክር ነው። ወደ ውስጥ የገባ አንድም ሴል የለም። መጀመሪያ እንዲህ ያየሁ ቀን ቀለሙ ያልያዘ መስሎኝ ደግሜ ቀባሁት። ያው ነው።

ያ ምንጣፍ ከላይ ሲታይ እንከን አይወጣለትም ነበር። ክሩ ቀጭን፣ እኩል፣ ንጹሕ። ፖሊመሩ፣ ማለትም ክሩ የሚፈተልበት ቁስ፣ የታወቀ። ሴሎቹም ጤነኞች። የጎደለው መግቢያ ነበር።

ብዙ ሰው በኤሌክትሮስፒኒንግ (በኤሌክትሪክ ኃይል ክር በመፍተል) የልም አጥንት ስካፎልድ፣ ማለትም ሴል የሚያድግበትን መደገፊያ፣ ለመሥራት ሲነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ፖሊመር ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። አንደኛው፣ ክሩ ምን ሥራ እንዲሠራ ነው የምንፈልገው? ሁለተኛው፣ ሴሉ በየት በኩል ይገባል? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ ስለ ፖሊመር ስም መከራከር በከንቱ መድከም ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም በዚሁ ተራ ነው።

ልም አጥንት ክርም ነው፣ ጄልም ነው

መጀመሪያ የምንተካውን ነገር እንየው። ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ በሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። የደም ሥር የለውም። ነርቭም የለውም። ኮንድሮሳይት የሚባሉት ሴሎቹ ከጠቅላላ መጠኑ የሚይዙት ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲጎዳ ጠጋኝ አይደርስለትም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር ገና በ1743 አንዴ የጠፋ ልም አጥንት እንደማይመለስ ጽፎ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ውሃ ስቦ የሚይዘው አግሪካን የተባለ ትልቅ ሞለኪውል ነው። አግሪካን ውሃ እየሳበ ማበጥ ይፈልጋል። ዙሪያውን አስሮ የሚይዘው ደግሞ የኮላጅን መረብ ነው፤ በተለይ ዓይነት 2 ኮላጅን። የጥጥ ፍራሽ አስቡ። ጥጡ ወደ ውጭ ይገፋል። ጨርቁ ወደ ውስጥ ይይዛል። ጨርቁ ከተቀደደ ጥጡ ይዘረገፋል። ጥጡ ከወጣ ደግሞ የቀረው ባዶ ከረጢት ነው፤ ቢተኙበት ወለሉ ይቆረቁራል።

በኤሌክትሮስፒኒንግ የሚፈተል ክር የሚተካው ጨርቁን ነው። ጥጡን አይደለም። እኔ እስከማየው ድረስ ብዙ ድካም የሚባክነው ጨርቁ እንደ ጥጥም ይሠራል ብሎ በመጠበቅ ነው። የተፈተለ ምንጣፍ ሲጎትቱት ጠንካራ ነው። ከላይ ሲጫኑት ግን ይተኛል። ጉልበት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጫን ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኮላጅኑ ክር አቅጣጫ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ከጠቅላላው ውፍረት ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆነው የላይኛው ክፍል ክሮቹ ከገጹ ጋር ተጋድመው ይገኛሉ። መካከል ላይ ዝብርቅርቅ ናቸው። ታች፣ ወደ አጥንቱ ሲጠጉ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ተራ የኤሌክትሮስፒኒንግ ምንጣፍ ላይ ክሮቹ ሁሉ የተጋደሙ ናቸው። ስለዚህ በተፈጥሮው የሚቀርበው ለላይኛው ክፍል ነው።

ጠብታዋ ስትሾል

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ፖሊመሩ በአሟሚ ፈሳሽ ይሟሟና ሲሪንጅ ውስጥ ይገባል። ፓምፕ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሊትር። መርፌው ላይ ከ10 እስከ 30 ኪሎቮልት ይለቀቃል። ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ፊት ለፊት ተቀባይ ብረት አለ።

ቮልቴጁን ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ መርፌው ጫፍ ላይ ያለችው ጠብታ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ትሾላለች። ከሾለው ጫፍ ቀጭን ክር ተፈትልኮ ይወጣል። ትንሽ መንገድ ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ ጅራፍ መወንጨፍ ይጀምራል። እዚያ ላይ ዓይን አይከተለውም። አሟሚው በአየር ላይ ይተናል፤ የደረቀው ክር ተቀባዩ ላይ ይነጠፋል። እንዝርት የለም፤ የሚጎትተው ኤሌክትሪክ ነው። የሾለችውን ጠብታ ቅርጽ በ1964 በሒሳብ ያስረዳው ጄፍሪ ቴይለር ስለሆነ «የቴይለር ሾጣጣ» ትባላለች። ዘዴው ራሱ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የባለቤትነት መብቶች የተመዘገቡት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ፈሳሹ ከቀጠነ ክሩ ላይ ዶቃ የሚመስሉ እብጠቶች ይመጣሉ። ከወፈረ መርፌው ይደፈናል። የክፍሉ እርጥበት ሲለዋወጥ ክሩም ይለዋወጣል። ስለዚህ ሁለት አማራጮችን ልታወዳድሩ ከሆነ በተቻለ መጠን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት እርጥበት ፍተሏቸው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙ «የፖሊመር ልዩነት» የተባለ ነገር ግን የአየር ጠባይ ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

ናኖ ወይስ ማይክሮ?

ለእኔ ዋናው ምርጫ ይኸኛው ነው። ናኖ ስል ውፍረቱ ከ1 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ክር ማለቴ ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

የናኖ ክር ማራኪነቱ ግልጽ ነው። የተፈጥሮ ኮላጅን ክሮች ራሳቸው የሚለኩት በናኖሜትር ነው። ሴል ዘመዱን ያገኘ ያህል ይይዘዋል። ማስረጃም አለ። በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሠራ ጥናት ኮንድሮሳይቶች ፒሲኤል ከተባለ ሰው ሠራሽ ፖሊመር በተፈተለ ናኖ ክር ላይ ባሕርያቸውን ጠብቀው እንደሚቆዩ አሳየ። በ2005 ደግሞ ያው ቡድን ከአጥንት መቅኒ የተወሰዱ ስቴም ሴሎችን (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎችን) እዚሁ ክር ላይ ዘራ። ቲጂኤፍ ቤታ 1 የተባለውን የእድገት ፕሮቲን ሲሰጣቸው ወደ ልም አጥንት ሴልነት ተለወጡ። ውጤቱ ሴሎችን አጠጋግቶ እንደ እንክብል በማሳደግ በተለመደው ዘዴ ከሚገኘው ጋር የሚመጣጠን ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮንድሮሳይት በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ሲያድግ ይጠፈጠፋል፤ ዓይነት 2 ኮላጅን ማምረቱን እየተወ ዓይነት 1 ማምረት ይጀምራል። ማንነቱን ይረሳል ማለት ነው።

ችግሩ ቀዳዳው ላይ ነው። ክሩ በቀጠነ ቁጥር በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት አብሮ ይጠባል። የናኖ ምንጣፍ ቀዳዳ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ሴሉ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይሆናል። ምንጣፉ 80 ወይም 90 በመቶ ባዶ ቦታ ነው ሲባል አትዘናጉ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ሐምራዊ መስመር የመጣው ከዚህ ነው።

ማይክሮ ክር ይህን ይፈታል። በ2006 የታተመ አንድ ሥራ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚወፍሩ የፒሲኤል ክሮችን ፈትሎ የቀዳዳው አማካይ ስፋት ከ20 እስከ 45 ማይክሮሜትር እንደሆነ ለካ። ሴል የሚያልፍበት በር ማለት ይህ ነው። ያው ጥናት በማይክሮ ክር ላይ የናኖ ክር ደርቦ ሞክሯል። የናኖው ንብርብር እየወፈረ ሲሄድ የሚገባው ሴል ቀነሰ። በሌላ አነጋገር፣ ስስ የናኖ ሽፋን ሴሉ የሚወደውን ገጽ ይሰጣል፤ ከበዛ ግን መልሶ በሩን ይዘጋል።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ሴል ውስጥ ገብቶ ልም አጥንት እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ከማይክሮ ጀምሩ። ናኖውን ከፈለጋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩበት። ናኖ ብቻውን የሚያሸንፍበት ቦታም አለ፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ናኖውን ሳይለቁ በሩን ማስፋት

ክሩን ሳያወፍሩ ቀዳዳውን የሚያሰፉ ዘዴዎች አሉ። እኔ አስቀድሜ የምመክረው የሚሟሟ ክር አብሮ መፍተልን ነው። በአንዱ መርፌ ዋናው ፖሊመር፣ በሌላው ፖሊኤትሊን ኦክሳይድ ይፈተላል። ፖሊኤትሊን ኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ምንጣፉ ሲታጠብ እሱ ይሄድና ቦታው ክፍት ይቀራል። የማስተካከያው ቁልፍ በእጃችሁ ነው፤ ብዙ ከፈተላችሁ ብዙ ይከፈታል። ከመጠን በላይ ከሆነ ግን የቀሩት ክሮች የሚደግፋቸው አጥተው ይተኛሉ፤ የተከፈተውም መልሶ ይደፈናል።

ጨው እየነሰነሱ መፍተልም አለ። ትልልቅ ቀዳዳ ይሰጣል፤ ምንጣፉ ግን በንብርብሩ በኩል ይላቀቃል። ተቀባዩን በጣም አቀዝቅዞ የበረዶ ቅንጣት በክሮቹ መካከል እንዲፈጠር ማድረግም ይቻላል። በፈሳሽ ገንዳ ላይ መፍተልም አለ፤ ክሩ እንደተነደፈ ጥጥ ብን ያለ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ሴልን በደንብ ያስገባሉ። ጥንካሬ ግን አትጠብቁባቸው። ጄል ሊሞሉባቸው ካሰባችሁ ደስ የሚሉ ናቸው። ብቻቸውን ይቁሙ ካላችሁ አይሆኑም።

አሁን ፖሊመሩ

ፒሲኤል። ሙሉ ስሙ ፖሊካፕሮላክቶን ነው። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ በሰውነት ሙቀት ልፍስፍስ ሳይሆን የሚለጠጥ ሆኖ ይቆያል። ለመፍተል ገራም ነው። ጀማሪን አያስቸግርም። ውሃ ስለማይወድ እና ከፊሉ ክሪስታል ስለሆነ የሚፈርሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ልም አጥንትም ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ስለሆነ ይህ ጥሩ ጎን ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዲሱ ቲሹ ከሞላ በኋላም ክሩ እዚያው ይቆያል። ሁለተኛ፣ ውሃን ይሸሻል። በተፈተለ የፒሲኤል ምንጣፍ ላይ የውሃ ጠብታ ብታስቀምጡ ከ120 ዲግሪ በላይ በሆነ ማዕዘን ድቡልቡል ብላ ትቀመጣለች። ሴል ያለበት ፈሳሽም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) ወይም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ገጹን ማስተካከል ያስፈልጋል። ቢያንስ ግን ሴል ከመዝራታችሁ በፊት በኤታኖል አርሱትና ቀስ በቀስ ወደ ውሃ አምጡት። ይህን ሳያደርጉ «ሴሉ አልያዘም» ማለት ፒሲኤልን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው።

ፒኤልጂኤ። የላክቲክ እና የግላይኮሊክ አሲድ ጥምር ነው። በሆስፒታል የታወቀ ነው፤ ቪክሪል የሚባለው የሚሟሟ የቀዶ ሕክምና ክር የዚህ ቤተሰብ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጊዜውን መምረጥ መቻሉ ነው። ሁለቱ እኩል በእኩል ሲሆኑ ከ1 እስከ 2 ወር ይፈርሳል። ላክቲኩ 75 በመቶ ሲሆን ከ4 እስከ 5 ወር ይቆያል። 85 ሲሆን ከ5 እስከ 6 ወር። ሲፈርስ ግን አሲድ ይለቃል። ደም በሚዘዋወርበት ቦታ አሲዱ ቶሎ ይታጠባል። ልም አጥንት ግን የደም ሥር የለውም። አሲዱ እዚያው ተከማችቶ ብግነት ሊቀሰቅስ ይችላል።

ፒኤልጂኤ ሌላም ነገር አለው፤ ብዙ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ነው የሚታወቀው። የተፈተለው ክር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ተወጥረው ነው የደረቁት። 37 ዲግሪ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ይላላሉ። ምንጣፉ ይጨማደዳል። ክብ አድርጋችሁ የቆረጣችሁት ቁራጭ በማግስቱ ትንሽ እና ወፍራም ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቀዳዳውም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ያለ ሴል በ37 ዲግሪ አሳድራችሁ ለኩት። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚወስደው፤ የስንት ሳምንት ድካም ያድናል።

ፒኤልኤ። ከላክቲክ አሲድ ብቻ የሚሠራ ነው። ከፒሲኤል ይበልጥ ግትር ነው፤ ክሪስታል የሚሠራው ዓይነቱ ዓመታት ይቆያል። ግትርነቱ ለአጥንት በኩል ላለው ክፍል ይስማማል። ለልም አጥንቱ ብቻ ከሆነ ግን ከፒሲኤል አስበልጬ የምመርጥበት ምክንያት አላገኘሁም።

ኮላጅን እና ጄላቲን። «ልም አጥንት የተሠራው ከኮላጅን ነው፤ እንግዲያው ኮላጅን እንፍተል» ማለት ትክክለኛ ሐሳብ ይመስላል። ግን ኮላጅንን ለመፍተል የሚጠቀሙበት ሄክሳፍሎሮአይሶፕሮፓኖል የተባለው አሟሚ ሦስት እጥፍ ሆኖ የተገመደውን የኮላጅን ገመድ ይፈታዋል። ገመዱ የተፈታ ኮላጅን ደግሞ ጄላቲን ነው። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አንሥቶ፣ ውድ ኮላጅን ገዝቶ በዚህ መንገድ መፍተል ዞሮ ዞሮ ጄላቲን መሥራት ነው ወይ ሲል ጠይቋል። ጥያቄው ይገባኛል። ምክሬም ከዚሁ የመጣ ነው። በዚህ አሟሚ የምትፈትሉ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ጄላቲኑን ግዙ። ጄላቲን ሴል የሚይዝባቸው ነጥቦች አሉት፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

ጄላቲን ግን ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ማስተሳሰር ግድ ነው። ግሉታራልዲሃይድ ያስራል፤ ቅሪቱ ግን ሴል ይገድላል። ጄኒፒን ለሴል የሚስማማ ነው። ነጩ ምንጣፍ ጄኒፒን ሲገባበት ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ማሰሩ እየሠራ ለመሆኑ በዓይን የሚታይ ምልክት ነው። በቀለም የሚለካ ምርመራ ልትሠሩ ካሰባችሁ ግን ያ ሰማያዊ ያስቸግራችኋል።

ሐር። ከሐር ትል የሚገኘው ፋይብሮይን ጠንካራ ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈርሳል። ሴሪሲን የተባለውን ሙጫ ቀቅሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ከተፈተለ በኋላም በሜታኖል ወይም በኤታኖል ካልተነከረ ውሃ ውስጥ አይቆምም። ሥራው ብዙ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ጥሩ ነገር ያገኝበታል።

ካይቶሳን እና ሃያሉሮኒክ አሲድ። ሁለቱም ከልም አጥንት የስኳር ሰንሰለቶች ጋር ዝምድና አላቸው። ሁለቱም ብቻቸውን ለመፈተል እንቢተኞች ናቸው። ከሌላ ፖሊመር ጋር ካልተደባለቁ ለጀማሪ አልመክርም። ሃያሉሮኒክ አሲድማ ጄል ሆኖ ቢገባ ይሻለዋል፤ ጥጡ እሱ ነውና።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ አብዝቼ የምሄድበት የፒሲኤል እና የጄላቲን ድብልቅ ነው። ፒሲኤሉ ቅርጹን ይይዛል። ጄላቲኑ ውሃውንም ሴሉንም ያቀርባል። በእኩል መጠን ጀምሩና እንደ ፍላጎታችሁ ወዲያና ወዲህ በሉት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። በአንድ ሲሪንጅ ውስጥ ሁለቱ ፈሳሾች ቀስ በቀስ ሊለያዩ ይችላሉ። ጠዋት የተፈተለው ክር እና ከሰዓት በኋላ የተፈተለው አንድ ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ጠብ ማድረግ የታወቀ መላ ነው።

የተሰለፈ ወይስ ዝብርቅርቅ?

ተቀባዩ በፍጥነት የሚሽከረከር ሲሊንደር ከሆነ ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ለጉልበት የመገጣጠሚያ ገጽ ይህ ብዙም አይረዳም። እንዲያውም ሴሎቹን ይለጥጣቸዋል፤ ኮንድሮሳይት ግን ክብ መሆን ነው የሚወደው። ለሜኒስከስ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የተቀመጠው ሜኒስከስ ኮላጅኑ በዙሪያው ተከትሎ የተሰለፈ ነው። እዚያ የተሰለፈ ክር ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ላለው ዲስክ ውጫዊ ቀለበትም እንዲሁ። ስለዚህ «የተሰለፈ ክር ለልም አጥንት ጥሩ ነው» የሚል ነገር ስታነቡ የትኛው ልም አጥንት እንደሆነ እዩ።

ክር፣ ጄል፣ ወይስ ሁለቱም?

ሃይድሮጄል፣ ማለትም ብዙ ውሃ የያዘ ጄል፣ ለኮንድሮሳይት ምቹ ነው። ክብ ሆኖ ይቆይበታል። በ1982 የታተመ የታወቀ ሥራ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ማንነታቸውን ያጡ ኮንድሮሳይቶች አጋሮዝ ጄል ውስጥ ሲገቡ መልሰው እንደሚያገኙት አሳይቷል። ጄል ሴልን እኩል ያከፋፍላል። የተጎዳውን ቦታ ቅርጽ ተከትሎ ይሞላል። ደካማ ጎኑ ልፍስፍስነቱ ነው። ሲጫኑት ይፈርሳል፤ ዳር ዳሩም ይላቀቃል።

ክሩ ጠንካራ፣ ሴል ግን አያስገባም። ጄሉ ሴል ይይዛል፣ ግን ጭነት አይችልም። ወደ ፍራሹ እንመለስ። ሁለቱን ማጣመር ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2015 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት ተራ ኤሌክትሮስፒኒንግ አይደለም፤ ፖሊመሩን ያለ አሟሚ አቅልጦ ክሩን በታቀደ መስመር ላይ የሚያስቀምጠውን ዘዴ ነው። ሜልት ኤሌክትሮራይቲንግ ይሉታል። የፒሲኤል ክሮችን መረብ አድርገው ከጄላቲን በተሠራ ሃይድሮጄል ሞሉት። መረቡ ከ93 እስከ 98 በመቶ ባዶ ነው፤ ክር የለም ማለት ይቀላል። ሆኖም ጥምረቱ ጄሉ ወይም ክሩ ብቻውን ካለው ግትርነት እስከ 54 እጥፍ ደረሰ። ምክንያቱ ያው የፍራሹ ነው። ጄሉ ሲጫን ወደ ጎን መውጣት ይፈልጋል። ክሮቹ ተወጥረው ይይዙታል።

ሜልት ኤሌክትሮራይቲንግ ቀዳዳውን በፈለጋችሁት ስፋት ይሰጣችኋል። አሟሚም የለበትም። ግን ቀርፋፋ ነው፤ መሣሪያው ውድ ነው፤ ክሩም በማይክሮሜትር የሚለካ እንጂ ናኖ አይደለም። መሣሪያውን የምታገኙበት መንገድ ካለ ለጉልበት ልም አጥንት የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ከሌለ ደግሞ በማይክሮ ክር ወይም በጥጥ መሰሉ ክር ላይ ጄል ማፍሰስ ወደዚያው ያደርሳል።

በተራ ኤሌክትሮስፒኒንግ 2 ሚሊሜትር የሚወፍር ነገር ለመሥራት አትሞክሩ። ምንጣፉ ሲወፍር ተቀባዩን ብረት ይከልለዋል። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይጠራቀማል። አዲሱ ክር ወደዚያ መሄድ ትቶ የትም ይበተናል። ውፍረት ከፈለጋችሁ ስስ ምንጣፎችን በጄል እየለጠፋችሁ ደራርቡ።

አሟሚው እና ጽዳቱ

ምንጣፉ ደረቀ ማለት አሟሚው አለቀ ማለት አይደለም። ለመድኃኒት በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የክሎሮፎርም ቅሪት ከአንድ ሚሊዮን 60 እጅ መብለጥ የለበትም። ለሌሎቹ አሟሚዎች፣ ለዳይክሎሮሜቴን 600፣ ለዲኤምኤፍ 880 ነው። ስለዚህ በቫኩም ማድረቅ የግድ ነው። ፒሲኤልን በአሴቲክ አሲድ መፍተል ከቻላችሁ ደግሞ ጭንቀቱ ይቀላል።

ከጀርም ለማጽዳት 121 ዲግሪ የሚደርሰው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያጸዳው መሣሪያ) ለፒሲኤል አይታሰብም፤ ቀልጦ ይጠብቃችኋል። ጋማ ጨረር የፒኤልጂኤን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ኤትሊን ኦክሳይድ ለሁለቱም ይሆናል፤ ጋዙ ወጥቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። 70 በመቶ ኤታኖል ለላብራቶሪ ሥራ ይበቃል። ሰው ውስጥ ለሚገባ ነገር ግን አይበቃም።

ስታወዳድሩ ምን ትለካላችሁ?

ከላይ የተነሣ ፎቶ አያሳምናችሁ። ከላይ ሲታይ ሁሉም ምንጣፍ በሴል የተሞላ ነው። ቁረጡት። ጎኑን እዩ። ሴሉ ስንት ማይክሮሜትር እንደገባ ጻፉ።

የተመረተውን የልም አጥንት የስኳር ሰንሰለት ስትለኩ በዲኤንኤ መጠን አካፍሉት። አለዚያ ብዙ ሴል የያዘው ምንጣፍ ጥሩ ሴል የያዘውን ይበልጣል። ዓይነት 2 ኮላጅንን ብቻ አትዩ። ዓይነት 1 ከበዛ የሚሠራው ጠባሳ መሰል ልም አጥንት ነው። ዓይነት 10 ከታየ ሴሉ ወደ አጥንትነት እየነጎደ ነው። በተለይ ስቴም ሴል ስትጠቀሙ ይህ ያጋጥማችኋል። ኮንድሮሳይት ይህ ችግር ያንስበታል፤ ግን ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ሲያባዙትም ይጠፈጠፋል።

ከተመሳሳይ ፖሊመር የተሠራ ክር አልባ ስስ ሽፋንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነቱን ያመጣው ክርነቱ ነው ወይስ ፖሊመሩ? ያለዚያ ሽፋን መልስ የላችሁም።

እንግዲህ ምን ልምረጥ?

ገና እየጀመራችሁ ከሆነ እና ሴል ከክር ጋር ያለውን ጠባይ ማየት ከፈለጋችሁ፦ የፒሲኤል እና የጄላቲን ማይክሮ ክር፣ ዝብርቅርቅ፣ በስሱ።

የጉልበትን ልም አጥንት ሙሉ ውፍረት መተካት ከሆነ ዓላማው፦ የፒሲኤል መረብ በጄል የተሞላ። ለሜኒስከስ፦ የተሰለፈ ፒሲኤል፣ ፖሊኤትሊን ኦክሳይድ ተቀላቅሎ የታጠበ። መድኃኒት ወይም የእድገት ፕሮቲን በሳምንታት ውስጥ እንዲለቅ ከፈለጋችሁ ፒኤልጂኤ ይሆናል፤ ግን ጭነት የሚሸከመውን ሥራ ለሌላ ስጡት።

እና ናኖው? በ1994 ውጤታቸውን ያሳተሙ የስዊድን ሐኪሞች የሕመምተኛውን የራሱን ኮንድሮሳይት አባዝተው ወደ ጉልበቱ ሲመልሱ ሴሎቹ እንዳይፈሱ ከአጥንት ላይ የተገፈፈ ስስ ቆዳ በላያቸው ሰፍተው ነበር። ዛሬ ማሲ በሚባለውና በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ በጸደቀው ሕክምና ሴሎቹ የሚቀመጡት ከአሳማ በተገኘ የኮላጅን ሽፋን ላይ ነው። ሁለቱም ጋ የሽፋኑ አንዱ ሥራ ሴል እንዳይወጣ መያዝ ነው። ምግብ እና ኦክስጅን ይለፉ፤ ሴል ግን አይለፍ። ጥቂት ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው የናኖ ምንጣፍ የሚያደርገው ልክ ይህንን ነው። ክሮቹም ተጋድመው ስለሚነጠፉ ከልም አጥንቱ የላይኛው ክፍል ጋር ይመሳሰላሉ። ሐምራዊዋ መስመር የታየችበት ያ ምንጣፌ ለክዳንነት ይሆን ነበር። ሴሎቹን የዘራሁት በተሳሳተ ወገን ነበር፤ ከሥሩ መሆን ነበረባቸው፣ ጄል ውስጥ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ዳሩ በፋይብሪን (ደም በሚያረጋ ፕሮቲን) ሙጫ ተለጥፎ።